ቅሬታ የለኝም

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይ በመጋረጃው ስንጥቅ ገብታ የእሸቴ ትራስ ላይ ተጋድማለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል እንጂ አልተኛም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሌሊት ካርቶን ሲያነሳ፣ ቀን ሲተኛ የኖረ ሰውነት ሥራው ቀርቷል ቢሉት መች ይሰማል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ሲወጣ ተኛ ተኛ ይለዋል፣ ጋደም ሲል ደግሞ ልቡ ቁጭ ትልና ትጠይቀዋለች፣ ለምን ለቀቅህ? የልቡ ጥያቄ ብቻ ቢሆን እንደምንም ይችለው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወረቀትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ያውም በጀርመንኛ፣ ያውም ከሥሩ አራት ባዶ መስመር ዘርግቶ። ሥራዎን በራስዎ ፈቃድ የለቀቁበትን ምክንያት ይግለጹ ይላል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቢሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ወረቀቱ ከዚያ በፊት ካልገባ ቅጣቱ ይጸናል። ሠላሳ ቀን ሰጥተውት ነበር፣ ሃያ ዘጠኙን በዚችው አልጋ ላይ ተገላብጦ ጨረሳቸው። ሀያ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው አራት መስመር አቃተው ቢባል ሰበታ ላይ ማን ያምናል፣ እሱ ራሱም አላመነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሰል በምትባለው በዚች የጀርመን ከተማ፣ እንደ አገሩ ሁሉ፣ ሥራ ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ መደጎሚያ ይሰጠዋል፤ እሸቴም ከደመወዙ ለዚሁ ሲቆረጥበት ኖሯል። አባርረውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ክፍያውን እየተቀበለ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። በገዛ እጁ ትቶ የወጣ ግን በቂ ምክንያት ካላቀረበ አሥራ ሁለት ሳምንት ምንም አያገኝም። አሥራ ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ ማለት ይህችን ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍል መልቀቅ ማለት ነው፣ ክፍሏን መልቀቅ ማለት አድራሻ ማጣት ነው፣ አድራሻ የሌለው ስደተኛ ደግሞ በሰኔ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ምን ብሎ ይቀርባል? ይህን ሁሉ ያስረዳችው ለስደተኞች ምክር የምትሰጥ አንዲት መነጽራም ሴት ናት። ደግ ሴት ናት፣ እየደጋገመች ቀስ ብላ ትናገርለታለች። የለቀቀበትን ደብዳቤ ኮፒ ይዛ፣ ይህን ማን ጻፈልህ? አለችው። እኔ ራሴ፣ አላት፣ ትንሽም ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር፣ ምክንያቱም ያን ደብዳቤ ሁለት ቀን ሙሉ በስልኩ መዝገበ ቃላት እየታገለ ነው የጻፈው። ሴትየዋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ድርጅቱ ለሰጠኝ እንጀራ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ሥራዬን መልቀቄን በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። መነጽሯን አወለቀች። እውነት ቅሬታ አልነበረህም? ነበረኝ፣ አላት። ታዲያ ለምን የለኝም ብለህ ጻፍህ? ምን ይበላት? ደብዳቤ እንዲያ ነዋ የሚጻፈው! ሰው ከሰው ቤት ሲወጣ በሩን ወርውሮ ነው እንዴ የሚወጣው? በጀርመንኛ ግን ይህን ማለት አልቻለበትም። እሷም፣ አለቃህ ሕግ የሚጥስ ነገር እንድትሠራ አዝዞህ እሱን ሽሽት ለቅቀህ ከሆነ በቂ ምክንያት ነው፣ ጻፈው፣ ማስረጃም ካለህ አያይዘው፣ አለችው። ማስረጃ አለው። የተቸገረውም በእሱ ነው።

ሰበታ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ አንድ ሰውና አንድ ታይፕ የምትይዝ የቆርቆሮ ቤት ነበረችው። ራፖር ጸሐፊነት ነው ሥራው። አባቱ ከመንዝ መጥተው ፋብሪካ የተቀጠሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ሰበታ ተወልዶ ኦሮምኛውን ከመንገድ ከልጆች ጋር ነው የለቀመው፣ ኋላ ቢሮው ሁሉ በኦሮምኛ ሲሠራ ቁቤውን ተምሮ በሁለቱም ቋንቋ ይጽፍ ጀመር። ከተፍኪ በሬ ሸጦ የመጣ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ ድንበር የተገፋ፣ ልደት ካርድ የጠፋበት፣ ሁሉም እሱ ጋ ይሰለፋል፣ ጋሽ እሸቴ ዛሬ ቶሎ በሉልኝ ይላል፣ እሱም መነጽሩን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ቀስ ይላል፣ ምክንያቱም የተቻኮለ ጸሐፊ አይከበርም። ጎንበስ ያለ ደብዳቤ ቶሎ ይፈረምለታል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ባለጉዳዩ እየተሳደበ የነገረውን እሱ እያመሰገነ ይጽፈዋል፤ ዘረፉኝ ያለውን ትንሽ ጉድለት ስለታየ ይለዋል፤ መጨረሻው ላይ ማሰሪያ ያደርግለታል፣ በታላቅ አክብሮት፣ ያለ አንዳች ቅሬታ፣ ከሠላምታ ጋር። ያቺ ማሰሪያ የእሸቴ ናት፣ ከሱሉልታ እስከ ሆለታ ያሉ ጸሐፊዎች ሲገለብጧት አይቶ ኮርቶባታል። አሁን ትራሱን አገላብጦ ቀዝቃዛውን ጎን ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛ ጎን የለውም።

ኦቦ ደገፋ የመጡት በ2006 ሚያዝያ ላይ ነው፣ ከተማው ወደ ተፍኪ አቅጣጫ እየሰፋ የእሳቸው መሬት ላይ ሲደርስ፣ የማስተር ፕላኑ ወሬም በየታክሲው ሲወራ። ባለጉዳይ አልነበሩም፣ ወዳጅ ነበሩ፤ ገበያ በወጡ ቁጥር እሸቴ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ታክሲያቸውን ይጠብቃሉ፣ ወተት ያመጡለታል፣ ሚስቱ ሰብለወርቅ ስትወልድ ሙክት የጎተቱት እሳቸው ናቸው። ማንበብ አይችሉም። የዚያን ቀን ገብተው፣ አካም ጅርታ እሸቴ ኮ፣ አሉ፣ የእኔ እሸቴ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠሩት። መሬቱን ለከተማው ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ካላመጣህ ካሳው ቶሎ አይወጣም አሉኝ፣ አንተ ጻፈው፣ አንተ የጻፍከው አይመለስም። እሸቴም ጻፈው። ጻፈውና አነበበላቸው፤ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ መሬቱን፣ ካሳው ይሰጠኝ የሚለውን አነበበላቸው። ማሰሪያዋን አላነበባትም። ፈዺ ኮቲን፣ ኮሚ ቶኮ ማሌ ትላለች፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ። ለምን ያነብባታል? ከሠላምታ ጋር የሚለውን ለባለጉዳይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ጸሐፊ አለ? ደግሞ ከውጭ ስድስት ሰው ቆሟል። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ረገጡበት፣ የተረፈውን ቀለም የበሩ መቃን ላይ ጠረጉት። ያቺ አሻራ እንጨቱ ላይ ቀረች። እሸቴ በየጠዋቱ በሩን ሲከፍት ያያት ነበር፣ አሁንም ያያታል፣ ዓይኑን ሲጨፍን ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ከዓመት በኋላ ተመለሱ። የግጦሹን ዳገት ሳይለኩት ነው ካሳውን የሠሩት። ቢሯቸው ሄጄ ዳገቱስ ብላቸው ፋይል አወጡና አነበቡልኝ፣ ቅሬታ የለኝም ብለህ ፈርመሃል አሉኝ፣ አሉት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቆጡ፣ ማወቅ የፈለጉትን ሊጠይቁ ብቻ። እሸቴ ኮ፣ ቅሬታ የለኝም ብያለሁ እንዴ? እሱም ሳቅ ብሎ፣ የደብዳቤ ወግ ነው ኦቦ ደገፋ፣ ይስተካከላል፣ አላቸው። ሦስት ይግባኝ በነጻ ጻፈላቸው። ለሦስቱም የመጣው መልስ አንድ ነው፣ ያቺኑ የእሱን ማሰሪያ በትእምርተ ጥቅስ ከትተው። ኅዳር 2008 ሲገባ ተማሪው ለተቃውሞ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ድንጋዩ ከቡራዩ እስከ ዓለም ገና አስፋልቱን ሞላው። የደገፋ ልጅ ማርቆስ፣ ሱሉልታ ላይ ለሩጫ ሲሰለጥን የከረመው፣ ከልጆቹ ፊት ሆኖ እየመጣ ነው፣ እሸቴ ከቆርቆሮው ቤት ሳይወጣ በሩ ላይ ደረሰ። ጋሽ እሸቴ ይውጡ፣ ይችን ቤት አናልፋትም፣ አለው። አንቱ እያለ፣ ክንዱን ይዞ፣ አክብሮ አወጣው። ታይፑን ራሱ ተሸክሞ አስፋልቱን አሻግሮ እግሩ ሥር አስቀመጠለትና ተመልሶ ለኮሳት። መቃኑ ሲነድ እሸቴ አየ። ታኅሣሥ ላይ ማርቆስን አስረው ወሰዱት። ጥር ላይ እሸቴ የሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በሚል ቪዛ ወጣ፣ ጉባኤው ሲያልቅ ቀረ። ሰው ሲጠይቀው ሱቄን አቃጥለውብኝ ተሰደድኩ ይላል። ውሸት አይደለም፣ ሱቁ ተቃጥሏል።

ስልኩ ጮኸ። ሰብለወርቅ ናት፣ ማለትም ሚስድ ኮሏ ነው፣ አንዴ ታስጮህና ትዘጋዋለች፣ እሱ ይደውላል። ከሰበታው ቤት ወጥታ ቡራዩ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ድምፅዋ ሲመጣ ከኋላው የሰው ጫጫታ አለ። አንተ፣ ዛሬም መንገድ ዝግ ነው፣ አለችው። ሦስተኛ ቀናችን፣ ታክሲ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ኢንተርኔቱም ጠፍቷል፣ እንጀራ ከጎረቤት ነው የተበደርኩት። አንተ ተኛህ? ተኝቼ ነበር፣ አላት። ሥራ መልቀቁን አልነገራትም። ማታ ትገባለህ? እገባለሁ፣ አላት፤ ይህን ሲላት ወሩ ሊሞላ ነው፣ በየቀኑ አንዳንድ ውሸት። ብርድ እንዳይመታህ፣ ያን ወፍራሙን ልበስ፣ እሺ? እሺ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ማርቆስ ተፈታ፣ ሰሞኑን እስረኞች ሲፈቱ አብሮ። እዚህ ድረስ በእግሩ መጣ ብልህ ታምናለህ፣ ያውም እያነከሰ። አንድ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ቁጥርህን ስጪኝ አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ክፉ አደረግሁ? አባቱ በሞቱበት ለቅሶ እንኳ እንዳልደረሰ ታውቃለህ፣ አለች፣ ያሳዝናል እኮ እሸቴ። ደህና አድርገሻል፣ አላት በመጨረሻ። ኦቦ ደገፋ የሞቱት ዓምና በክረምት ነው፤ የዚያን ሌሊትም ሥራ ገብቶ ነበር፣ አራት መቶ ካርቶን ያነሳ ይሆናል፣ እንባ አልመጣለትም፣ ለምን እንዳልመጣ ግን ያውቃል።

መጋዘኑን ስንት ጊዜ ልተወው ብሎ ነበር፣ ብርዱም የወገብ ሕመሙም አላስተወውም። አለቃው ክፉ መልክ የለውም፣ እየሳቀ ነው የሚያዝዘው። እሸቴ ኦሮምኛም አማርኛም ትንሽ ጀርመንኛም ያውቃል ሲባል ሰማና ለአዲስ ሠራተኞች አስተርጓሚ አደረገው፤ ቢጫ ሰደርያ ሰጠው፣ ሰዎቹም ጋሼ ይሉት ጀመር፣ ሰበታ የተመለሰ መሰለው። ሐሰን የሚባል የአርሲ ልጅ አለ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ በበረሃና በባሕር የመጣ፣ ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው ሲያገኝ ፊቱ የሚበራ። በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ የሻይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አለቃው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ለልጁ አንብብለትና ይፈርም፣ አንተም ከሥር ፈርም። እሸቴ ወረቀቱን አየ። አላወቅሁም ነበር ብሎ ቢምል የሚከለክለው የለም፤ ግን በገዛ ፈቃዴ የሚለውን በጀርመንኛ ለይቶ ያውቀዋል፣ በወሩ መጨረሻ የሚለውንም ያውቃል። ልጁ በራሱ ጊዜ ሥራ ለቀቅሁ እያለ መሆኑን ያውቃል። ማሽኑ ሊነሳ ነው፣ አለቃው ቆሟል፣ ብርድ ነው። ፈርም ልጄ፣ የሥራ ወረቀት ነው፣ አለው በኦሮምኛ። ሐሰን ቢስሚላህ ብሎ እንደ ልጅ ሥዕል የሆነች ፊርማውን አኖረ። ከሥሯ፣ ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ተነቦለት ተረድቶ የፈረመው ነው በሚለው ላይ፣ እሸቴ ፈረመ። የእሸቴ ፊርማ ታምራለች፣ ድሮም ታምር ነበር።

በወሩ መጨረሻ ሐሰን ሥራ የለህም ተባለ፣ መደጎሚያ ሊጠይቅ ሄዶ ራስህ ነህ የለቀቅህ አሉት። የአንድ ጓደኛው ወለል ላይ ነው የሚያድረው። ኮፒውን ይዞ እሸቴ ክፍል ድረስ መጣ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ተቀመጥ ቢለው መሬት ላይ ተቀመጠ። አባ፣ ፈርም ያልከኝ ምን የሚል ነበር? ሳይቆጣ፣ ማወቅ የፈለገውን ሊጠይቅ ብቻ። እሸቴ ሻይ አፈላለት፣ ወረቀቱን ተወው እኔ አጣራልሃለሁ አለው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ልጁ በየሳምንቱ ይደውላል፣ አጣራህልኝ ይላል፣ እያጣራሁ ነው ይለዋል። ታኅሣሥ ላይ አለቃው ሰባት ወረቀት አንድ ላይ ይዞ መጣ፣ እየሳቀ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ፊርማ። እሸቴ ሰደርያውን አወለቀ። አልፈርምም፣ አለ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። አለቃው ሳቁን ትቶ፣ እንግዲያው አባርርሃለሁ አለው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእሸቴ ሞኝነት። እሺ አባርረኝ ቢል፣ ያን አንድ ቃል ዋጥ ቢያደርጋት፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። መባረር ግን በእሱ ቤት የሌባ፣ የሰካራምና የተሳዳቢ ነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ መልቀቂያ ሳይዝ ከአንድ ቦታ የወጣ ሰው ሲመጣ ማመልከቻውን እየጻፈለት እንኳ በጎን የሚያይ ሰው ነበር። ስለዚህ ቀና ብሎ፣ አታባርረኝም፣ እኔ ራሴ በክብር እለቃለሁ፣ አለ። ሁለት ቀን ተቀምጦ ጻፈ፤ ስለ ሰባቱ ወረቀት አንዲት ቃል አላነሳም፣ ስለ ሐሰንም አላነሳም፣ እንጀራ ስለሰጣችሁኝ አለ፣ ያቺን ማሰሪያ አሰራት። አለቃው ሲያነብ ፊቱ በራ። ወዲያው ፈረመለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በዘመኔ አይቼ አላውቅም አለው፣ ኮፒውን ለብቻው አስቀመጠ። እሸቴም በኩራት ወጣ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ እስኪደርስ ድረስ ኩራቱ አብሮት ነበር።

አሁን ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዓት። እውነቱን ከጻፈ የሐሰንን ኮፒ ማያያዝ አለበት፣ ኮፒው ላይ ደግሞ የራሱ ፊርማ አለ። እኔ ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ ማለት ነው። በዚህ አገር የሐሰት ፊርማ ምን ያስከትላል? የመኖሪያ ፈቃዱን የሚሰጡትስ ሰዎች ያን ፋይል ቢያዩ? መነጽራሟን ሴት ሊጠይቃት ፈልጎ አፍሮ ተመልሷል። ካልጻፈው ደግሞ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ ወገቤን አመመኝ ይላል፣ ሐኪም አላየውም፤ እናቴ ታመመች ይላል፣ እናቱ ከሞተች አሥር ዓመቷ። ብዕሩን አንስቶ በልማዱ፣ ለተከበረው መሥሪያ ቤት፣ ጉዳዩ፣ ብሎ ጀመረና ሰረዘው። ከታች ያለው ጎረቤት ውሃ ከፈተ። ሐሰን በስንት ሰዓት ይነሳ ይሆን፣ ወለል ላይ የተኛ ሰው ቀንም ይነቃል፣ ሌሊትም ይነቃል። አሥር ሰዓት ሆነ። ስልኩ አንዴ ጮኸና ቆመ፣ የማያውቀው ቁጥር፣ የኢትዮጵያ። ለአፍታ አየው። መልሶ ደወለ።

"ጋሽ እሸቴ?"

"ማርቆስ! ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ! አካም ጅርታ? እግርህስ?"

"ደህና ነው። ሩጫው ቀረ እንጂ እንቀሳቀሳለሁ።" ድምፁ ጎርንኗል፣ የዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ አይደለም። "ስልኩ የሰው ነው ጋሽ እሸቴ፣ አላስረዝምብዎትም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።"

"ጠይቀኝ ልጄ።"

"የአባቴን ደብዳቤ። ያን የመሬቱን። ከመፈረሙ በፊት ሙሉውን አንብበውለታል?"

እሸቴ መስኮቱን አየ። መንገዱ ላይ አንዲት አሮጊት ውሻ ይዛ ቆማለች፣ ውሻው አልሄድም ብሏታል።

"አንብቤላቸዋለሁ" አለ።

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

ማርቆስ በረጅሙ ተነፈሰ። "እሺ። እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ። እስር ቤት ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር እንጨቃጨቅ ነበር፣ እሸቴ ጉድ ሠርቶሃል እለዋለሁ። የለም ይለኛል፣ እሸቴማ አንብቦልኛል፣ እኔ ሽማግሌው ነኝ ልብ ያላልኩት ይለኛል። መጨረሻ የመጣ ጊዜም ይህንኑ ነው ያለኝ። ሲሞትም ለእናቴ ይህንኑ ብሎ ነው የሞተው፣ የእሸቴን ስም እንዳታነሱ ብሎ።"

እሸቴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

"እኔ አላመንኩትም ነበር" አለ ማርቆስ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎን ስረግም ነው የኖርኩት። ቤትዎንም ያቃጠልኩት ለዚያ ነው፣ በሌላ አይደለም። ከእርስዎ አፍ ልስማ ብዬ ነበር፣ ሰማሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ እሸቴ።"

"ማርቆስ... ስማኝ ልጄ፣ እኔ..."

መስመሩ ፀጥ አለ። ሃሎ አለ፣ ሃሎ፣ ሃሎ። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፣ ጥሪው ተቋርጧል። ከየትኛው ቃል በኋላ እንደተቋረጠ አላወቀም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ኦቦ ደገፋ አግዳሚው ላይ ናቸው፣ አውራ ጣታቸውን መቃኑ ላይ ይጠርጋሉ፣ እሸቴማ አንብቦልኛል ይላሉ፤ ሽማግሌው ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? እውነት ያነበበላቸው መስሏቸው ነው የሞቱት፣ ወይስ አላነበበም ብሎ ከማመን እኔ አልሰማሁም ማለት ቀልሏቸው? ወዳጄ ከሚያፍር እኔ ልደንቁር ብለው ከሆነስ? ይህን የሚመልስለት ሰው ተቀብሯል፣ እሱ ለቅሶም አልደረሰም፣ የሚያለቅስበት ፊትም አልነበረውም። ያን ጊዜ እንባው መጣ፣ አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ፣ ሰው እንዳይሰማው፣ ማን ሊሰማው ኖሯል። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ። የሐሰንን ኮፒ አወጣ። ብዕሩን አነሳና ሳያመሰግን፣ ሳያጎነብስ፣ በዚያ ሰንካላ ጀርመንኛው ጻፈ። ሐሰን የተባለው ሠራተኛ የፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል አላነበብኩለትም። አንብቤለታለሁ ብዬ በሐሰት ፈረምኩ። አለቃዬ ሌላ ሰባት አምጥቶ እንዲሁ አድርግ አለኝ። ስለዚህ ለቀቅሁ። ቅሬታ የለኝም ያልኩት ውሸት ነው። አራቱ መስመር በቃው። ከሠላምታ ጋር ሊል ብዕሩን አንስቶ ነበር፣ መልሶ አስቀመጠው።

በቁምጣ ነበር፣ ሱሪ አጠለቀ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወረደ። ትራሙን አልጠበቀም፣ በእግሩ እየተጣደፈ ሄደ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ። መስኮቱ ጋ ያለው ጎረምሳ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ከኮፒው ጋር በስቴፕለር መታው፣ የቀን ማኅተም አሳረፈበት፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ አለው። እፈልጋለሁ፣ አለ። ልጁ ምን እንደተጻፈበት እንኳ አላነበበም። ውሳኔው በፖስታ ይመጣል፣ አራት ሳምንት ወይ ስድስት፣ አለው። በስድስት ሳምንት ምን እንደሚመጣ እሸቴ አያውቅም፤ ክፍያው ይፈቀድለት ይሆናል፣ ፖሊስ ይጠራው ይሆናል፣ ሁለቱም አብረው ይመጡ ይሆናል። ለሐሰን ከመንገድ ላይ ደወለለት፣ ነገ ጠዋት ና፣ ወረቀትህ የሚለውን ከአንድ እስከ መጨረሻ አነብልሃለሁ፣ ከዚያ የምትለኝን ትለኛለህ፣ አለው። ሐሰን፣ እሺ አባ፣ አለ። አባ አለው አሁንም።

ክፍሉ ሲመለስ ጨልሟል፤ መብራት አላበራም፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያን የሰው ቁጥር መልሶ መታው። ይጮሃል ብሎ ጠበቀ። አንዲት ሴት፣ ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይችሉም፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ፣ አለችው። ለሰብለወርቅ ደወለ፣ ያችው ሴት። እንደገና ያን ቁጥር፣ እንደገና ያችው። ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። ቡራዩም ሰበታም ጨልሞ ይሆናል፣ መስመሩን ዘግተውት ይሆናል፣ ማርቆስ በዚያ በሚያነክስ እግሩ፣ ይቅርታ ጠይቆ ቀልሎት፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ይሆናል። ዘጠነኛው ላይ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ሴትየዋ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀ።

"አላነበብኩላቸውም" አላት።

እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ፣ አለችው።